ሁለት መቶ አሥራ አራት ከረጢት

ወንድይራድ ካገሩ ሲወጣ የሚያውቀው ሥራ ባንዲራ መያዝ ነበር። ሰልፍ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ጥጥ እርሻ ውስጥ ነው። አዋሽ ዳር፣ የመንግሥት እርሻ በነበረበት ዘመን፣ መድኃኒት የሚረጨው ትንሽ አውሮፕላን መስመሩን የሚያውቀው ማሳው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ወንድይራድ ነበር። አውሮፕላኑ የጥጡን አናት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ይመጣና እሱ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ቆጥሮ እንደገና ዘንጉን ይተክላል። አራት ዓመት እንዲህ ቆመ። አንድም ቀን «ና ውጣ» ያለው አልነበረም፤ ለነገሩ አውሮፕላኑም ባለ አንድ ወንበር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮው የማናችንንም ይመስላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዲቪ ደረሰውና ከሚስቱ ከየሻሽወርቅ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። እሱ ኤርፖርት ተቀጥሮ ዊልቸር መግፋት ጀመረ። አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ከታክሲ ተቀብሎ እስከ አውሮፕላኑ በር ያደርሳል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ባዶ ወንበሩን እየገፋ ይመለሳል። «ከባንዲራ ወደ ዊልቸር አደግኩ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። የማትስቀው የሻሽወርቅ ብቻ ነበረች፤ ከቀልዱ ሥር ያለውን ታውቀዋለች።

እሷ ሆስፒታል ምድር ቤት ነው የምትሠራው። የቀዶ ሕክምና ዕቃ እያጠበች፣ እየቆጠረች፣ በየትሪው ትደረድራለች። ለእያንዳንዱ ትሪ ዝርዝር አለው፤ መቀስ ይህን ያህል፣ መቆንጠጫ ይህን ያህል። አንዲት ጎድላ ብትገኝ ትሪው ከክፍሉ አይወጣም። «ያልተቆጠረ ዕቃ ሰው ሆድ ውስጥ ይቀራል» ትል ነበር፤ ይህን አባባል ከሥራ ቤቷ ይዛ እስከ ወጥ ቤቷ ደርሳለች።

እንግዲህ በ2006 ምን ሆነ መሰላችሁ። ወንድይራድ በዊልቸር ሲያመላልሳቸው የኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ፣ የአሌክሳንድሪያ ሰው። በጨዋታ መሐል ጋራዣቸው ውስጥ አውሮፕላን እንዳላቸው ነገሩት። በሳጥን የሚመጣ አውሮፕላን አለ፤ ፋብሪካው ላሜራውን፣ ብሎኑንና ሞተሩን ይልካል፣ ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገጥመዋል፣ ሲያልቅ የመንግሥት መርማሪ አይቶ ይፈቅድለታል። ሽማግሌው ገዝተው ጀምረውት ነበር፤ አሁን ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ማን እንደሚገጥመው ባውቅ በርካሽ እሰጠው ነበር» አሉት። ወንድይራድ ያን ቀን ሺፍቱን እንዴት እንደጨረሰ አያውቀውም። በሳምንቱ ኪራይ መኪና አቁሞ አሥራ አንድ ሳጥን ጫነ። ባለ አንድ ወንበር ነው።

የሻሽወርቅ መጀመሪያ ጋራዥ የወረደችው ልትቆጣ ነው፤ መኪናዋ ውጭ በረዶ ላይ አድራ ነበር። ወርዳ ያየችው ግን ባሏ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ብሎን በሌላው መጽሐፍ ይዞ፣ የብሎኑን ሥዕል ሲፈልግ ነው። ሽማግሌው ዕቃውን ሁሉ ፈትተው አደባልቀውታል። መጽሐፉ ላይ ቁጥርና ሥዕል አለ፣ መሬቱ ላይ ብረት አለ፣ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ትንሽ ቆማ አየችውና፣ «በዚህ አያያዝህ ሰማይ የምትደርሰው በነፍስህ ብቻ ነው፣ ተነሥ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምዝገባው የእሷ ሆነ።

እሷ ደግሞ ስትመዘግብ ለጉድ ነው! ዶሮ እንኳ ስትገነጥል አሥራ ሁለቱን ብልት በስማቸው ጠርታ ካልቆጠረች ድስት የማትከት ሴት ናት። አውሮፕላኑንም እንደ ዶሮ ያዘችው። ትልቁን የክንፍ አጥንት ፈረሰኛ አለችው፤ የእግሩን ብረት ቅልጥም፤ ሁለቱን ቀጫጭን የጎን ላሜራዎች መላላጫ። ከስሙ ጎን የፋብሪካውን ቁጥር ትጽፋለች። ትንንሹን፣ ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሮንዴላውን፣ ምስማር የምታክለውን ሪቬት ሁሉ፣ ለካች፣ ቆጠረች፣ በየትንሹ ፕላስቲክ ከረጢት ከተተች፣ ከረጢቱ ውስጥ ቁጥርና ስም የያዘ ወረቀት አደረገች። ትልልቁ ላሜራ ላይ ቁጥሩን በማርከር ጻፈች። ሁሉንም ሰማያዊ ደብተር ላይ አሰፈረች። ሁለት ክረምት ፈጀባት፤ ሲያልቅ ሁለት መቶ አሥራ አራት ከረጢት ሆነ። ከዚያ በኋላ እሱ መጽሐፉን ያያል፣ «ስልሳ ሦስት» ይላል፣ እሷ ሳታይ ታቀብለዋለች። ልጅ አልነበራቸውም። ያን ጊዜ የነበራቸው ደስታ ግን ከልጅ ደስታ የሚያንስ አይመስለኝም።

በጎን እሱ በረፍት ቀኑ መብረር ይማር ነበር። ከፍሬደሪክ ወዲያ ባለች የሣር ሜዳ ይስሐቅ የሚባል ያገራችን ልጅ ያስተምራል፤ ዋሽንግተን አጠገብ ሰማዩ ጥብቅ ስለሆነ ያን ያህል መንዳት ግድ ነው። በ2008 ፈቃዱን አገኘ። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ያዙልኝ። እንዲህ ላለች ትንሽ አውሮፕላን የተለየ የጤና ምርመራ አይጠየቅም፤ የታደሰ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይበቃል። መኪና መንዳት ከተከለከለ ግን አለቀ፣ አይበርም። የወንድይራድ መንጃ ፈቃድ የሚያልቀው በ2011 ኦክቶበር፣ በልደቱ ቀን ነበር።

በ2009 ማርች ወር መነጽር ሊያስለካ ዓይን ሐኪም ጋ ሄደ። ሐኪሟ ደጋግማ አየችው፣ ሌላ ማሽን ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ወንበሯን ሳበች። ሐኪም ወንበር ሲስብ ደግ ነገር አይደለም። የዓይኑ ግፊት የዓይኑን ሥር ሲገድለው ኖሯል፤ ከዳር ከዳር ነው የሚበላው፤ የጠፋው አይመለስም። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ስንት ጊዜ ቀረኝ ቢላት፣ ሁለት ዓመት ምናልባትም ሦስት እንደሚነዳ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደማታውቅ ነገረችው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ አሰላው። የቀረው ሥራ ከሚስቱ ጋር ከተረባረቡ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ይደርሳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ እጁ የገጠመውን አውሮፕላን መሪ ይዞ፣ ያቺን ሜዳ አንድ ጊዜ ቢዞር ሌላው ይቅርበት። ለየሻሽወርቅ ተረጋግቶ፣ ረፍቷ ቀን፣ ሊነግራት ወሰነ። ሐዘኗን አስቀድሞ እያየው ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲያዘገየው ሦስት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ መስፍን ከደሴ ደወለ። መስፍን የየሻሽወርቅ ወንድም ነው። እናታቸው አርፈዋል፤ ብቻህን እንዳትነግራት፣ ሰው ሰብስብ አለው።

መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ታውቃላችሁ። ወንድይራድ አንድ ቀን ሙሉ ፊቱን ደብቆ ዋለ፣ በማግስቱ ማለዳ ያሉበት የመረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ዓባይነህ አሥር ሰው ይዘው በሩን አንኳኩ። የሻሽወርቅ በመስኮት ጋቢያቸውን አይታ ሳትከፍት ጮኸች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከዊተን፣ ከግሪንቤልት፣ ከኮሌጅ ፓርክ ሰው ጎረፈ። ታውንሃውሱ ጠባብ ነው፤ ሳሎኑ ሃያ ሰው አይዝም፤ ውጭው ደግሞ ዝናብ። እትዬ ታደለች፣ በየልቅሶው ቤት ቀድመው ደርሰው ማድቤቱን የሚረከቡት ደግ ሴት፣ ጋራዡ ይከፈትና ወንበር ይግባበት አሉ። ወንድይራድ ፎቅ ላይ ሚስቱን ደግፎ ተቀምጦ ነበር። አልሰማም። እሷን ግን እሱ ለአፍታ ከአጠገቧ ሲነሣ ጠይቀዋት ነበር፤ በእንባዋ መሐል እንደወደዳችሁ ብላለች።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ሊቀበል ሲወርድ ጋራዡ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ስድሳ ወንበር ተደርድሮ አየ። የተገጠመው ጅራትና የሆዱ አጽም ጓሮ ወጥቶ ፕላስቲክ ለብሷል። መደርደሪያው ላይ የወጥ ድስት ተቀምጧል። እዚያ የነበሩት ትንንሽ ከረጢቶችስ ብሎ ጠየቀ።

«አታስብ ልጄ» አሉት እትዬ ታደለች፣ «አንዲት ብሎን አልጣልንም። ቦታ እንዳይዝብህ ሁሉንም እዚያ ሁለት ባልዲ ውስጥ ገልብጠነዋል። የጣልነው ወረቀቱንና ፌስታሉን ብቻ ነው።»

ይህም ይሁን። ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ ላሜራው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ቢያዩት፣ የሚያለቅስ ሰው ዓይን ላይ እንዲህ ቆሽሾ አይቀመጥም ብለው፣ በአልኮል ወልውለውታል። የየሻሽወርቅ ማርከር አንድ ቁጥር ሳይቀር ጠፍቷል። ላሜራው ሁሉ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ዝናብ እየመታቸው፣ ሥራ ቀርተው፣ ጉልበታቸው መሬት እስኪነካ ያጠቡ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይላቸዋል? «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ወንድይራድ። ባልዲዎቹን አየ። ከዘጠኝ ሺህ በላይ ፍሬ ነበር።

ሐዘኑ ሲጸና ማንም ባልዲ አያስታውስም። የሻሽወርቅ ጥቁር ለበሰች፤ ዓመት ላወልቀው አልችልም አለች። እናቷን ዘጠኝ ዓመት አላየቻቸውም፤ መሄድ እየቻለች እየቀረች፣ ዘንድሮ ከርሞ እያለች ነው የሞቱባት፣ ጸጸቱ ከሐዘኑ በረታባት። ከሥራ ትመለሳለች፣ ፎቅ ትወጣለች፣ በሯን ትዘጋለች። ወንድይራድ ብቻውን ጋራዥ እየወረደ ከባልዲው ይዘግናል። ብሎኖቹ የሚለያዩት በስንዴ ፍሬ ወርድ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ዓይኑ መለኪያው ካሊፐር ላይ ያለችውን መስመር ሲያነብ ራሱን ያመዋል። ሳምንት ሙሉ የለያቸውን ሲቆጥር ሦስቱ ከረጢት የተሳሳተ ሆኖ አገኘው። ክንፍ በተሳሳተ ብሎን አይታሠርም። የእሷ ዓይን፣ የእሷ ቆጠራ ያስፈልጋል።

ከአርባው በኋላ አንድ ቅዳሜ ደፈረ። እስቲ ትንሽ ወርደን ብንሞክር፣ ልብሽም ይረሳ ነበር አላት።

«የእናቴ አፈር ሳይደርቅ አንተ ስለ ብሎን ታስባለህ?» አለችው።

አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ለዚያ ነው የጎዳው። ያኔ ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ ጊዜ የለኝም ማለት ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ግን ሐዘንተኛ ላይ ሐዘን አይጨመርም። እናቷን ቀብራ ሳታበቃ የባሏን ዓይን ትቅበር? ሆድ ይፍጀው አለና ተመለሰ። ጠብታውን ኤርፖርት ሎከሩ ውስጥ ደበቀ፤ አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ ብታገኝበት የአለርጂ ነው አላት። በዚህ አገር ጸደይ ሲገባ አለርጂ የሌለበት የለም፤ አመነችው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ይነቅዛል! የወንድይራድ ዝምታ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ከውስጥ ሲቦረቦር ኖረ። ሰማንያው ወጣ፣ መንፈቁ ወጣ። እሱ ጓሮ ያለውን አጽም ፕላስቲኩን ገልጦ ያያል፣ ይሸፍናል። ሥራ ቦታ ዊልቸሩን በበር ሲያስገባ ግራ ጎኑን ይጋጭ ጀመር፤ አንድ ጊዜ የአንዲት አሮጊት ክርን መቃኑ ላይ መታበትና ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። በየወሩ መጨረሻ ያሰላል። ሃያ ዘጠኝ ወር ቀረ፤ ሃያ አራት ቀረ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀረ። ስሌቱን የሚያውቁት ሁለቱ ባልዲዎች ብቻ ነበሩ።

የሙት ዓመቱ በ2010 ኤፕሪል ተዘከረ። ሰኞ ዕለት የሻሽወርቅ ጥቁሩን አወለቀች። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ፎቅ አልወጣችም፤ ጓንቷን፣ ግራም የሚለካ ሚዛኗንና ሰማያዊ ደብተሯን ይዛ ጋራዥ ወረደች፣ ባልዲውን ወደ ራሷ ሳበች። «አስቀየምኩህ» አለች። ወንድይራድ ፊቱን ዞር ማድረግ ነበረበት።

እንዴት እንደለዩት ብነግራችሁ ይደክማችኋል። መጀመሪያ በማግኔት፤ የሚያዘውና የማያዘው። ከዚያ በወርድ፣ ከዚያ በርዝመት፣ ከዚያ በሚዛን። የተወለወለውን ላሜራ አንድ በአንድ ሥዕሉ ላይ እየዘረጉ፣ ቀዳዳውን እየቆጠሩ፣ ይሄ ፈረሰኛው ነው፣ ይሄ የግራው መላላጫ ነው እያሉ እንደገና ስም አወጡለት። እሱ ማየቱን እየተወ በጣቱ መለየት ጀመረ፤ ብሎኑን ጥፍሩ ላይ አሳርፎ፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ «አርባ ሰባት» ይላል። ትለካዋለች፣ አርባ ሰባት ነው። «ጣትህ ዓይን አወጣ» አለችው ስቃ፣ ዓመት ሙሉ ያልሰማው ሳቋ ነበር። አብሯት ሳቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምነው እንደ ዶሮ አንገትህን ታዞራለህ አለችው፤ አንገቴ ደርቆ ነው አላት። አሁንማ እንዴት ይንገራት? ለምን እስከዛሬ ብትለው ምን ይላል? ዓመት የተደበቀ ነገር ከራሱ በላይ መደበቁ ይከብዳል። ደግሞስ ይደርስ ይሆናል ብሎ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ተስፋ አልቆረጠም።

ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ከረጢት እንደገና የታሰረው በገና ሰሞን ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር እንደ ሞኝ ሠራ፤ ኦቨርታይም ተወ፣ ሰርግ ቀረ፣ ክርስትና ቀረ። በ2011 ኦክቶበር ሞተሩ ተቀምጦ፣ ክንፎቹ ለየብቻቸው አልቀው ግድግዳ ላይ ተደግፈው ነበር። ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር የሚፈጅ ሥራ ነበር የቀረው። የመንጃ ፈቃዱ ማደሻ ካርድ በፖስታ መጣ።

ብቻውን መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሊሄድ ነበር፤ የሻሽወርቅ ረፍት ስለነበረች አብሬህ ልሂድ አለች። ተራው ደርሶ ግንባሩን የዓይን መፈተሻ ማሽኑ ላይ አሳረፈ። ፊት ለፊት ያለውን ፊደል አንድ ሳይስት አነበበ። ከዚያ የቢሮው ሠራተኛ ሴትዮ ብልጭታው በየትኛው ጎን እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም ብልጭታ አላየም። በግራ አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ በቀኝ አለ። ሦስተኛ ስትጠይቀው ግንባሩን ከማሽኑ አነሣ። ፎርም ሰጠችው፤ የዓይን ሐኪምህ ሞልታ ትላክልን፣ እስከዚያ አትነዳም አለችው፣ ትሕትና አላጎደለችም። የሻሽወርቅ ኋላው ቆማ ትሰማ ነበር።

መነጽር መቀየር ሳይኖርብህ አይቀርም እያለች በሳምንቱ እሷው ነድታ የዓይን ሐኪሙ ጋ ወሰደችው። ፎርሙ ተሞልቶ ወጣ። መኪና ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሳታዞር ማንበብ ጀመረች፤ ወረቀት ሳታነብ የማትፈርም ሴት መሆኗን ረስቶ ነበር፣ ወይም እንድታነብ ፈልጎ ይሆናል። ከላይ፣ በሽታው መጀመሪያ የታወቀበት ቀን የሚል መስመር አለ።

«ማርች 17፣ 2009 ይላል» አለች።

«አዎ።»

«እናቴ የሞተችው ኤፕሪል ስምንት ነው።»

«አዎ።»

ጣቷን መሪው ላይ እያሳረፈች ስትቆጥር አያት። እሷ ምንም ነገር ሳትቆጥር አታልፍም። ከኤፕሪል እስከ ኤፕሪል ቆጠረች፣ አሥራ ሁለት ወር። የቀረውን ሥራ ቆጠረች፣ አራት ወር። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ፊቷ ላይ ታየው፤ ፊት ለፊት ያለውን ገና ያይ ነበር።

«ሐዘን ላይ ነበርሽ፣ የሺ» አለ።

«እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ወንዴ። ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ ስማ ነው የሞተችው። ለእሷ አንድ ሳምንት ይበቃት ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። ለእናቷ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ጋራዡን ክፈቱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ብሎን አልኩህ፣ የእናቴ አፈር አልኩህ እያለች፣ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ። ወንድይራድ ያኔ ነው ያደረገው ነገር የገባው። ያዳናት መስሎት ነበር። ለካስ ዓመቱን ሲሰጣት ትፈልገው እንደሆነ አልጠየቃትም፤ አሁን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የማትከፍለውን ነገር አሸክሟታል። ይቅርታ የሚለው ቃል ከሁለቱ የትኛው አፍ መውጣት እንዳለበት አላወቀም። እጇን ያዘ። ፓርኪንጉ ውስጥ መሽቶ መብራት እስኪበራ ተቀመጡ።

አውሮፕላኑን እንጨርሰዋለን ያለችው እሷ ናት፤ የተቆጠረ ዕቃ ተበትኖ አይቀርም አለች። ጨረሱት። ወንድይራድ በጣቱ፣ እሷ በዓይኗ፣ ይስሐቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እየፈተሸ። በ2012 ጸደይ ላይ በጭነት መኪና ወደ ሣር ሜዳዋ ተወስዶ ክንፉ ታሠረ። የመንግሥት መርማሪው መጣ፣ ሰማያዊውን ደብተር ገልጦ ቁጥሩን ሲያመሳክር ዋለ፣ እንዲህ ያለ ምዝገባ አይቼ አላውቅም ብሎ ፈረመ። የሻሽወርቅ አመሰገነችው፤ ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

የመጀመሪያዋን በረራ ይስሐቅ ሊበር ሆነ። ሌላ ማን ይበር? ወንበሩ አንድ ነው። ጁን ወር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የማኅበሩ ሰው ዳቦና ለስላሳ ይዞ ወጣ። ጋሽ ዓባይነህ መረቁ። እትዬ ታደለች አውሮፕላኑን ዞረው ዞረው አይተው፣ ላሜራውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ አጠገባቸው ላሉት፣ «ያኔ በልቅሶው ጊዜ ዕቃውን ሁሉ ያነሳሳንለት፣ ያጠብንለት እኛ ነን» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። የሻሽወርቅ አንገቷን ደፋች። ወንድይራድ ድምፃቸውን ተከትሎ ወደ እሳቸው ዞረና፣ «እውነትዎን ነው፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እሳቸው እስከ ዛሬ የሚያውቁት ነገር የለም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ያኔ ዓይኑ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነበር። ፊቱ ያቆሙትን ያያል፤ ትንሽ ፈቀቅ ካለ የለም። አውሮፕላኑ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሞተሩ ሲነሣ አየው፣ ሲሮጥ ግን ወዲያው ከቀዳዳው ወጣ። ጎማው ሣሩን ሲለቅ ሰማ፣ ድምፁ ተለወጠ፤ በጥጡ ማሳ አራት ዓመት የሰማው ድምፅ ነው፣ አይስተውም። ሰዉ እልል አለ። «የት ነው?» አለ።

የሻሽወርቅ ከኋላው ቀርባ ቀኝ እጁን ከአንጓው ያዘችና ወደ ላይ አነሣችው፣ አመልካች ጣቱን ዘረጋችለት። «ይኸው» አለች። ጣቱን ቀስ እያደረገች ሰማዩ ላይ ወሰደችው። «አሁን ዞረ። አሁን ፀሐይ ክንፉን መታው። አሁን ከዛፎቹ በላይ ነው።» ጣቱ አብሮ ዞረ። አንድ ዙር ሙሉ ሜዳዋን ዞሩ፣ እሱ መሬት ቆሞ፣ እጁ በእጇ ውስጥ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ይስሐቅ ከኮረብታው ወዲያ አለፈና ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የሻሽወርቅ ግን እጁን አላወረደችም። «ይኸው፣ አሁን በዚህ በኩል ነው፣ ከፍ አለ» እያለች ባዶው ሰማይ ላይ ጣቱን መውሰዷን ቀጠለች። ወንድይራድ ጆሮው ደህና ነው፣ አውሮፕላኑ እዚያ እንደሌለ ያውቃል። እጁን አላልቶ ተወላት፣ ወደምትወስደው አብሯት ዞረ።